እስቲ ዞር በይ

ኮምፒውተር ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ አንድ ሰው አለው። ይህ ሰው የተቀጠረው ለሌላ ሥራ ነው። ሹፌር ሊሆን ይችላል፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ብቻ በጠረጴዛዎ አጠገብ ሲያልፍ እግሩ ይተሳሰራል። አንገቱን ያሰግጋል። ስክሪንዎን ትክ ብሎ ያይና ከንፈሩን ይመጥጣል። ምን ሆነ ብለው ቀና ከማለትዎ ትእዛዙ ይደርስዎታል፦ "እስቲ ዞር ይበሉ።"

እርስዎም ዞር ይላሉ። ለምን እንደሚሉ አያውቁትም፤ ግን እምቢ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወንበርዎ ላይ ይቀመጣል፣ ማውሱን ይጨብጣል፣ እዚህም እዚያም ቀጭ ቀጭ ያደርግና ያለ አንዳች ማብራሪያ ተነሥቶ ይሄዳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኮምፒውተሩ የእርስዎ አይደለም። የማውሱ ቀስት አውራ ጣት አክሏል። ነጩ ገጽ ጥቁር፣ ጥቁሩ ፊደል ነጭ ሆኗል። ወደ ሰውዬው ዘወር ሲሉ እሱ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ደርሷል።

የእኛ መጽሔት ሳይጠሩት የንብረት ክፍል ኃላፊው ነበሩ። ክቡር አቶ ሳይጠሩት እንበላቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይኼኛውን ያወጣንላቸው እኛ ነን፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥም አንዳችንም በዚህ ስም ፊት ለፊት ጠርተናቸው አናውቅም። ፊት ለፊት "ጋሼ" ነበሩ። ግራጫ ጋውን የማይለያቸው፣ ከወገባቸው ላይ የመጋዘኑን ቁልፍ ዘለላ የሚያንጠለጥሉ፣ አጠር ያሉ ሰው ናቸው። ቁልፉ ኮሪደሩ ላይ ሲንሿሿ በየክፍሉ ሹክሹክታ ይሄዳል፦ "መጡ! ስክሪንህን አጥፋ!" ማጥፋት ግን አያድንም። ክቡርነታቸው ራሳቸው ያበሩታል።

ፍልስፍናቸው አንዲት ነበረች። "ኧረ ጋሼ፣ እኔ ለምጄዋለሁ" ብለው ሲከራከሯቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። "አንተ ለምን ትለምደዋለህ? እሱ ይልመድህ እንጂ!"

ጸሐፊያችን አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ወድቃ ቀኝ እጇ በጀሶ ታሰረ። እሷ በልቧ ተደስታለች፤ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን በሚጠይቅ ሥራ ላይ አንድ እጅ ምን ይሠራል? የአንድ ወር ፈቃድ መጠየቂያ ማመልከቻዋን በግራ እጇ እየለቀመች ስትጽፍ ቁልፉ ተንሿሿ። "እስቲ ዞር በይ።" ቀጭ ቀጭ። "በይ አሁን አንዱን ተጫኚና ልቀቂው። ሁለተኛውን እስክትጫኚ ይጠብቅሻል።" ጠበቃት። ፈቃዱም በዚያው ቀረ። ጀሶው ከተፈታ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጸሐፊያችን ግን እስከዚህ ዓመት ድረስ በአንድ እጇ ነበር የምትጽፈው። ሁለተኛው እጇ ሻይ ይይዝ ነበር።

የዋና አዘጋጁ የግራ ጆሮ ደግሞ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ይህን ከራሱ በቀር ሁሉም ያውቃል። ኮምፒውተሩ ስህተት ሲያገኝ ድው ይላል፣ እሱ አይሰማም፣ ያላስቀመጠው ጽሑፍ ይጠፋል፣ ከዚያ እኛ ላይ ይጮኻል። አቶ ሳይጠሩት አንድ ጠዋት ሳይጠሩት ገቡና በድምፁ ፈንታ ስክሪኑ ብልጭ እንዲል አደረጉት። ለባለቤቱ ግን መንገር ረሱ። ረፋድ ላይ "እሳት!" የሚል ጩኸት ሰምተን ከነወረቀታችን ግቢ ወጣን። ዋና አዘጋጁ እሳት ማጥፊያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከኋላችን ደረሰ። ጋሼ በእርጋታ ተጠጉት።

"እሳት አይደለም። ድምፁን አትሰማውም ብዬ ነው።"

"ማነው የማይሰማው?"

"ከበሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠርቼህ ነበር።"

ዋና አዘጋጁ አንድ ሳምንት አኮረፋቸው። ብልጭታውን ግን አላስጠፋም፤ ከዚያ ወዲህም ጽሑፍ ጠፋብኝ ብሎ ጮኾ አያውቅም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ እስካሁን የሰው ገመና ሳወራ ነው የቆየሁት። እኔ አራሚ ነኝ። በዚህ መጽሔት ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንኛውም ፊደል በዓይኔ ሥር ሳያልፍ ማተሚያ ቤት ደርሶ አያውቅም። ይህች የመጨረሻዋ ገጽ እንኳ የተሰጠችኝ እንደ ጉርሻ ናት፤ እንጀራዬ እርማቱ ነው። በሥራዬ የምኮራ ሰው ነኝ። የሚያኮራኝም ዓይኔ ነበር።

አቶ ሳይጠሩት ከኋላዬ ቆመው ከንፈራቸውን የመጠጡት የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ነው።

"ፊደሉ አንሷል" አሉ።

"ለማን?"

"ላንቺ። አፍንጫሽ ስክሪኑን ሊነካ ነው።"

"ዓይኔ ምንም አልሆነም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

እንዲህ ብዬ ነው የማልኩት። እግዜር መሐላዬን በቀጠሮ እንደያዘው ማን ነገረኝ? ጋሼ ግን "እስቲ ዞር በይ" አሉ፣ አጎሉት፣ ሄዱ። እኔ መልሼ አሳነስኩት። በማግሥቱ አጎሉት። አሳነስኩት። ይህ ጦርነት አንድ ወር ከቆየ በኋላ እሳቸው ዝም አሉ፤ በጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፉም ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ሳይጠሩትን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሰው ነኝ ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም። ሰዎቹም ሲሰሙኝ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ ቅናት ነው ብዬ ነበር የተረጎምኩት።

የዛሬ ሰባት ወር ጡረታ ወጡ። የግድግዳ ሰዓት ሰጠናቸው። እኔ የሽኝት ንግግር አደረግኩ፤ በመሐላችን የነበረውን ጦርነት እያነሣሁ አሳቅሁባቸው። ሁሉም ሲበተን ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ "ዓይንሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። እኔም፣ "ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ!" አልኳቸው። ተዉኝ። ቁልፉን ለተተኪያቸው አስረክበው ስለነበር ሲሄዱ ድምፅ አልነበራቸውም።

መጀመሪያ ሰሞን ተገላገልን ያልን ሰዎች ነበርን። ሁለተኛው ወር ላይ ጸሐፊያችን "ምነው ቤቱ ጭር አለ" አለች። የጽዳት ሠራተኛዋ የቁልፍ ዘለላዋን ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ ሦስታችን አንድ ላይ ቀና ያልንበት ቀን አለ። ተያየንና ወደየሥራችን ተመለስን። ሰው ሲነካካዎት ከርሞ በድንገት ሲተውዎት እንዲህ ይከፋል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ከዚያ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች መጡ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንገባ አሮጌዎቹ ተነሥተው፣ አዲሶቹ ተደርድረው ጠበቁን። ጸሐፊያችን በሁለት እጇ መጻፍ ግዴታ ሆነባት፣ ዋና አዘጋጁ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጽሑፍ አጠፋ። እኔ ደግሞ የራሴን ከፍቼ የተበላሸ መሰለኝ። ገጹ ላይ ጉንዳን የፈሰሰ እንጂ ፊደል የለም።

"ነይ እስቲ እዪልኝ" አልኳት ጸሐፊያችንን። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል።"

አየችው። "ምንም አልሆነም። የሁላችንም እንዲሁ ነው።"

"የድሮዬ እንዲህ አልነበረማ!"

"ያንቺማ የድሮው ከበሩ ላይ ይነበብ ነበር።" ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ! አታውቂም ለካ።"

በግድ አናገርኳት። አቶ ሳይጠሩት በየሰኞው ጠዋት እኔ ሳልገባ ቀድመው ይመጡና ፊደሌን በጣም በትንሹ ያሳድጉት ነበር። ዓይኔ በሸሸ ልክ እሳቸው ፊደሉን እያቀረቡ አራት ዓመት። ፎቁ ሁሉ ያውቃል። "እንዳትነግሯት፤ ዓይኗ ደህና እንደሆነ እንድታስብ ተዉአት" ብለዋቸው ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ያን ቀን ያጣሁት መሰለኝ፤ ለካ ከሄደ ቆይቷል፣ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። "የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቃለን" አለኝ፤ ጠብታ ሰጠኝ። ሥራው ግን ጠብታ አይጠብቅም። በዚያው ሳምንት በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ስህተት አሳለፍኩ። ዋና አዘጋጁ ገጹን በቀይ አክብቦ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና "ደክሞሽ ይሆናል" አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። እሱ የሚወደው ሰው ላይ ይጮኻል። ድምፁን ያለሰለሰለት ሰው ብዙ አይቆይም። ቀጥሎ የሚመጣው "እረፊ" ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ሥራ ውጭ የምችለው ነገር የለም። የወሩ እትም ስልሳ አራት ገጽ ነው። እስከ ሰኞ ማለቅ አለበት።

የኮምፒውተር ክፍል አለን። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ "ጥያቄዎን በፎርም ያቅርቡ" ይላል። ፎርሙ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። የተጻፈበት ፊደል ከጉንዳኖቹም ያነሰ ነው። ደግሞም ሞልቼ ብልክ መጀመሪያ የሚደርሰው አስተዳደር ክፍል ነው፤ "አራሚዋ አታይም" የሚል ወረቀት በገዛ እጄ ጽፌ ላስገባ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም በሌለበት፣ ለጋሼ ደወልኩ። መጀመሪያ ስለ ጤናቸው፣ ከዚያ ስለ ጡረታው፣ ከዚያ እግረ መንገዴን ስለ ሌላው ልጠይቅ አስቤ ነበር። ስልኩን አነሡት።

"ፊደሉ አነሰብሽ?" አሉ።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "አንሷል ጋሼ" አልኩ። "በጣም አንሷል።" ከዚያ ስልኩ ላይ አለቀስኩ። እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ።

"ሐኪሙ ምን አለሽ?"

"የቀረውን እንጠብቃለን ነው ያለኝ።"

"ጥሩ ብሏል። እንግዲህ ማጉላት ብቻውን አይበቃሽም፤ መስማትም ትጀምሪያለሽ። ኮምፒውተሩ ያነብልሻል። በይ ክፈቺው። ከታች በኩል... እ... ያቺን ተጫኚና... ምን ነበር ስሟ?" ተነፈሱ። "አይ! የሚያውቀው እጄ ነው። አጠገብሽ ብሆን አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።"

ያን ጊዜ ነው የሁላችን ጥፋት የገባኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እሳቸው ዞር በሉ ከማለት በቀር ምኑ የት እንደሚጫን ለአንዳችንም አሳይተው አያውቁም። እኛም ዞር ከማለት በቀር አንድ ቀን ጠይቀን አናውቅም።

"ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጊ" አሉ። እግራቸው ሲራመድ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ አንዲት ሴት ተናገረች። "እንኳን ደህና መጡ" አለች፤ ማጥበቅና ማላላት የማታውቅ፣ ቃሉን ሁሉ እኩል የምትረግጥ የማሽን ድምፅ ናት።

"ማናት ጋሼ?"

"የባለቤቴ ናት። ማለቴ ኮምፒውተሯ ነው።"

ሚስታቸው እኛ ዘንድ ከመቀጠራቸው በፊት እንዳረፉ እናውቅ ነበር። ሌላውን ከራሳቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። መምህርት ነበሩ፤ ዓይናቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ጥሏቸው ሄደ። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት ጋሼ፣ ሚስታቸው እየጠየቁ እሳቸው እየሞከሩ፣ ያለውን ሁሉ መሣሪያ አንድ በአንድ አገኙት። ሚስታቸውም የተማሪዎቻቸውን ድርሰት እስከ መጨረሻው ወሰነ ትምህርት ድረስ በጆሯቸው ነበር የሚያርሙት።

"ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት" አሉ ጋሼ። "ድምፁን አላጠፋሁትም። ማጥፋቱ አቅቶኝ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከፍቼ ሰዓቱን አስነግራታለሁ። የሰጣችሁኝ ሰዓት ግድግዳው ላይ አለ፤ ቢሆንም።"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ ይበልጥ አስጠጋሁት።

"በይ እንግዲህ፣ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ላስቀምጠው ነው። እኔ የምነካውን እሷ ስሙን ትጠራልሻለች። አንቺ የጠራችውን እየፈለግሽ ተጫኚ።"

እንዲህ ሆነ። እሳቸው በቤታቸው በማውሱ ይነካሉ፣ የሚስታቸው ድምፅ ይጠራል፣ እኔ ከፎቶ ክፍል በተዋስኩት ማጉያ መነጽር ጉንዳኖቹን እየለቀምኩ እፈልጋለሁ። "ቅንብሮች።" አገኘሁት። "ተደራሽነት።" አገኘሁት። የእሳቸው አሮጌ፣ የእኔ አዲስ ስለሆነ ሁለት ቦታ ላይ ተጠፋፋን፤ ጋሼ ከሩቅ "ተመለሺ፣ ተመለሺ፣ አትቸኩዪ" እያሉ መለሱኝ። "ማጉያ።" ጉንዳኖቹ ተነፉና ፊደል ሆኑ። "አንባቢ ድምፅ።" ተጫንኩት።

"አንባቢ ድምፅ በርቷል" አለ የእኔ ኮምፒውተር። ያችው ድምፅ ናት። ያው ሁሉን እኩል የመርገጥ አመሏ አብሯት አለ።

"እዚያም አለች?" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አስነብቢያት እስቲ። የተጻፈ ነገር የለሽም?"

ስክሪኑ ላይ የተከፈተው የዚህ ወር ጽሑፌ መጀመሪያ ነበር። ሳላየው በጣቶቼ ልማድ የጻፍኩት ነው። ሌላ ልፈልግ ስል እጄ አንዱን ነካ፣ እሷም ጀመረች፦ "ኮምፒውተር ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ አንድ ሰው አለው።" ማስቆሚያው የት እንደሆነ አላውቅም። እኔ እየተንቆራጠጥኩ እሷ ያለ ርኅራኄ ቀጠለች፤ እግሩ ይተሳሰራል አለች፣ ከንፈሩን ይመጥጣል አለች፣ ክቡር አቶ ሳይጠሩት እንበላቸው አለች። ላብ አጠመቀኝ።

"'አንገቱን' ሁለት ጊዜ ጽፈሽዋል" አሉ ጋሼ። "'አንገቱን አንገቱን ያሰግጋል' ነው ያለችው። ዓይን ያልፈዋል፤ እሷ አታልፍም።"

እውነት ነው፤ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ስልሳ አራቱ ገጾች እስከ ሰኞ እንደሚያልቁ፣ ሥራዬም ከእኔ ጋር እንደሚቆይ ያወቅኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

"አቶ ሳይጠሩት ማናቸው?" አሉ ደግሞ።

"አንድ ሰውዬ ናቸው ጋሼ።"

"የእኛ መሥሪያ ቤት?"

"አዎ።"

"አላስታውሳቸውም።" ትንሽ አሰብ አደረጉ። "ስትጽፊ ግን የናፈቁሽ ይመስላል።"

"በጣም ናፍቀውኛል" አልኩ። "ሁላችንም ናፍቀናቸዋል። እንዲህ ይሆናል ብለን አላሰብንም።"

አንባቢዋ አሁንም እያነበበች ነው፤ የእሳት ማጥፊያው ላይ ደርሳለች። ከማዶ ሳቅ የሚመስል ነገር ሰማሁ፤ ሳቅ ብቻ መሆኑን እንጃ።

"ፍጥነቷ በዝቶብሻል" አሉ በመጨረሻ። "ባለቤቴንም መጀመሪያ ላይ ያስቸገራት ይኸው ነበር። ቀስ እናድርጋት።"

"የት ጋ ነው የሚጫነው ጋሼ?"

አሰቡ። ከዚያ ከከተማው ማዶ መሆናቸውን ረስተው፣ በዚያ በድሮው የትእዛዝ ድምፅ፣ "እስቲ ዞር በይ" አሉኝ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ብድግ አልኩና ወንበሬን ወደ ጎን ስቤ ቦታ ለቀቅኩላቸው።